ሐኪሙን በመርፌው ብቻ አንመዝነው



በዚህ ሰሞን ቡና በተፈላበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሚነሣው ጉዳይ የሠፈራችን የእንስሳት ሐኪም ነው። ገሚሱ «እንደሱ ያለ ሐኪም የለም» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «እሱ ምን ያውቃል! ከብቱን አይቶ ይመልሳል እንጂ» ይላል። ላም ያለው፣ ፍየል ያለው፣ የጋሪ አህያ ያለው፣ ግቢውን በውሻ የሚያስጠብቀው፣ ሁሉም የየራሱ ፍርድ አለው። ክርክር መኖሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ አብዛኛው የሚፈርደው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «መርፌ ወጋልኝ ወይስ አልወጋልኝም?» በሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ይህ መመዘኛ የተሳሳተ ነው፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በሐኪሙ ላይ ሳይሆን በባለከብቱ ላይ ነው።

ሐኪም መርፌ ከመያዙ በፊት ሊጠይቅ፣ ሊዳስስ፣ ሙቀት ሊለካ ይገባዋል። አንዳንዱ ሰው «መታመሟን እኔው ነግሬው እሱ ከጅራቷ ሥር ቴርሞሜትር ይሰካል» እያለ ያላግጣል። ዳሩ ግን የጤነኛ ላም ሙቀት 38.5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የጤነኛ አህያ 37 ገደማ ነው። ስለዚህ ለላሟ ደኅና የሆነው ሙቀት ለአህያዋ ትኩሳት ነው። ይህ ደግሞ በእጅ ዳበሳ አይታወቅም።

የፍየልና የበግ ባለቤቶች ቅሬታ ሌላ ነው። «አፍንጫዋ እየተዝረከረከ፣ ሆዷ እየሄደ ብወስዳት መርፌ አያድናትም አለኝ» ይላሉ። ምልክቱ እንዲህ ሲሆን ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም፤ አንቲባዮቲክ ቢሰጥም ተከትሎ ለሚመጣው የሳምባ ሕመም ነው። ዋናው መከላከያ አስቀድሞ ማስከተብ ነው። «ታዲያ ክትባቱን ስጠን ስንለው ቀጠሮ ይሰጠናል» ለሚሉትም ምክንያት አለው። አንዱ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ50 ወይም ለ100 እንስሳት የተሰናዳ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለአንድ ፍየል ብልቃጥ ክፈት ማለት የሌሎቹን ድርሻ አፍስስ ማለት ነው።

የጥገት ባለቤቶች ደግሞ «ወተቱን ድፉ አለን» ብለው ያዝናሉ። ወተት ሸጦ ለሚያድር ቤት ይህ ከባድ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ላም አንቲባዮቲክ ስትወጋ መድኃኒቱ እንደየዓይነቱ ለቀናት ከወተቷ ጋር ይወጣል። ማፍላትም አያስወግደውም። ያንን ወተት የሚጠጡት የራሳችንና የጐረቤት ልጆች ናቸው። መድኃኒቱ ጥቂት በጥቂት ሲለመድ ተሕዋስያኑ ይጠነክራሉ፤ ኋላ ሰው ታሞ ያንኑ ዓይነት መድኃኒት ሲሰጡት አልሠራ ይላል። «ወተቱን ይህን ያህል ቀን አትጠጡ» ያለውን ሐኪም ትተን፣ ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብልቃጥ ሽጦ ምንም ወደማይለው ሰው መሄድ ብልኅነት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከብት ልትሞት ስታጣጥር የሚነሣው ጠብ ነው። ባለቤቱ «ሳትሞት እንባርካት፣ ሥጋዋ እንኳ ይትረፍ» ይላል፤ ሐኪሙ «ቢላ አታስነኩ» ይላል። ባለቤቱ ላሙንም ሥጋውንም በአንድ ቀን ሲያጣ ሐኪሙን ቢጠላ አይፈረድበትም። ነገር ግን በሽታው አባሰንጋ ከሆነ ያራጁ እጅ፣ የበላው ሁሉ፣ ቆዳውን የገፈፈው ጭምር አደጋ ላይ ይወድቃል። ሬሳው ተከፍቶ ደሙ መሬት ላይ ከፈሰሰም የበሽታው ዘር በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። እንዲህ ያለውን ቃል ጠብ ሳይፈራ የሚናገር ሐኪም ሊመሰገን ይገባዋል።

ውሻ ያላቸውም እንደዚሁ። ውሻቸው ሰው ሲነክስ ወዲያው ገድለው ይጥላሉ፤ ሐኪሙ «አሥራችሁ 10 ቀን ጠብቁት» ቢላቸው ውሻ የወደደ ይመስላቸዋል። ውሻው ከተጣለ ግን እብድ ይሁን ጤነኛ በምን ይታወቃል? የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን ይጠብቅ ማለት አይደለም። ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ይህን ስል ቅሬታ ያላቸው ሰዎች ሐሰተኞች ናቸው ማለቴ አይደለም። «ምን እንደ ወጋት አልነገረኝም» የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ቅሬታ ነው። «ደረሰኝ አልሰጠኝም» የሚለውም እንደዚሁ። በከሚሴ አማርኛ ሳይቀናው በኦሮምኛ የሚያወራ ባለከብት ብዙ ነው፤ ሐኪሙ በሚገባው ቋንቋ ካላስረዳው፣ ትክክል የሆነው ምክር ሁሉ ንቀት ይመስለዋል። በሌላ በኩል በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሦስት ቀን በገበያ መድኃኒት ሞክሮ በአራተኛው ቀን «ዛሬ ነው የታመመች» የሚል ባለቤት ሐኪሙን አሳስቶ ከብቱንም ይጎዳል።

ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩም ነበር። ነገር ግን በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት በጨፋ ሜዳ ላይ ይገናኛል፤ ሰኞ የባቲ፣ እሑድ የሰንበቴ ገበያ የቆላውንና የደጋውን ከብት ያደባልቃል። አንድ ጓሮ የተደበቀ በሽታ በሳምንቱ የሁሉም ነው። ደስታ የሚባለው የከብት እልቂት በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ በሬውን ሁሉ ሲፈጅ፣ የሚታረስበት ጠፍቶ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ። ያው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እዚሁ ጐረቤታችን በአፋር በ1980ዎቹ አጋማሽ ሙቀት የሚችለውን ክትባት በእግራቸው እየዞሩ የሰጡት፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ባለከብቱ ያውቃቸውና ያምናቸው ስለነበር ከብቱን አልደበቀባቸውም። ደስታን ያሸነፈው ለታመመው ከብት የተወጋ መርፌ አይደለም፤ በእምነት ለጤነኛው የተሰጠ ክትባት ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን ለማኅበራችን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሐኪሙ በእያንዳንዱ ሕክምና የበሽታውን ስም ወይም ጥርጣሬውን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ወተትና ሥጋ የማይበላበትን የቀን ቊጥር በወረቀት ጽፎ ከደረሰኝ ጋር ይስጥ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ያስረዳ።

2ኛ/ የክትባት ቀን አስቀድሞ በዚህ ሰሌዳ፣ በየመስጊዱና በየቅሬው ይነገር፤ በዚያ ቀን ሁሉም ከብቱን፣ ፍየሉን፣ ውሻውን ይዞ ይውጣ።

3ኛ/ ባለከብት የሆነ ሁሉ እንስሳው በታመመበት ቀን ይሂድ፤ ቀድሞ የሰጠውን መድኃኒት አይደብቅ፤ ብልቃጡንም ይዞ ይቅረብ።

4ኛ/ በድንገት የሞተ ከብት ሐኪሙ ሳያየው አይታረድ፣ አይገፈፍ። ናሙና መላክ ካስፈለገ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለልን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሐኪሙ ሥራውን ካጓደለ፣ ያኔ ወረቀቱን ይዞ ለሚመለከተው ክፍል አቤት ማለት ይቻላል። ያለ ወረቀት ግን ሐሜት እንጂ አቤቱታ አይሆንም። የተለየ አስተያየት ያለው ሰው ጽፎ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ፤ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ጐን ለጐን ይለጠፍልን።

ከሠፈሩ ነዋሪዎች አንዱ
ከሚሴ