ከሰማያዊው ቅርጫት በፊት ዘንቢል

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ መደብሮች ለሸማቾች ፌስታል እንዳይሰጡ ከልክሏል። የወረቀት ከረጢት የሚፈልግ ሸማችም 10 ሳንቲም ይከፍላል። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ፌስታል አልተከለከለም፤ ሆኖም ከ2022 ጀምሮ በእያንዳንዱ ላይ 5 ሳንቲም ግብር ተጥሎበታል። ክልከላውን የሚቃወሙ ወገኖች “ሰማያዊው የሪሳይክል ቅርጫት እያለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም።

ፌስታል እንደ ጠርሙስ ወይም እንደ ጣሳ አይደለም። ስስ በመሆኑ በመለያ ማዕከሉ በሚሽከረከሩት ማሽኖች ላይ ተጠምጥሞ ሥራ ያስቆማል። ስለዚህ በሁለቱም አካባቢዎች በሰማያዊው ቅርጫት ውስጥ እንዲጣል አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ተቃጥሏል፣ ተከምሯል ወይም በየሜዳው ተበትኗል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ነፋስ የወሰደው ፌስታል በስላይጎ ክሪክ በኩል ወደ አናኮስቲያ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ፖቶማክና ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይጓዛል። በመንገዱ ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም። ደቃቁ ብናኝ ወደ ሰው አካልም ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ደማቸውን ከመረመሯቸው 22 ሰዎች በ17ቱ ላይ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝተዋል። በ2024 በጣሊያን የተደረገ ጥናት ደግሞ በአንገታቸው የደም ሥር ውስጥ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሕሙማን ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሞት ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ፕላስቲኩ መንስኤ መሆኑን ባያረጋግጥም፣ ለጥንቃቄ ግን በቂ ምክንያት ይሰጣል።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ትምህርት አላት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን ፌስታል ቢያግድም፣ ገበያው ከፌስታል አልጸዳም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውለውን ፌስታል የሚከለክል ሌላ አዋጅ ማጽደቅ አስፈልጎታል። ልማድ ካልተለወጠ ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ልማዱ ደግሞ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። ፌስታል ከመምጣቱ በፊት ወደ ገበያ የሚኬደው ዘንቢል ተይዞ ነበር። ቁራሌውም አሮጌ ዕቃ ከየቤቱ እየገዛ ዳግም አገልግሎት ላይ እንዲውል ያደርግ ነበር። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች ያሉ የሐበሻ መደብሮች የጨርቅ ከረጢት ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ጥቂት ሳንቲም ቢቀንሱ የሚጎዱት አነስተኛ ነው። ሙቀት የፕላስቲክ ኬሚካሎች ወደ ምግብ እንዲገቡ ስለሚያፋጥን፣ እንጀራ አቅራቢዎችም እንጀራው ሳይበርድ በፕላስቲክ ማሸጉን ሊተዉ ይገባል። በሠርግና በልቅሶ ቤት የሚታደለውን የፕላስቲክ ሳህንና የታሸገ ውሃ መቀነስም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሪሳይክል አስፈላጊ ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ወንዙንም ሆነ ደምን የማይበክለው ፌስታል ከመደብሩ ሳይወጣ የቀረው ብቻ ነው።