ማን መታው?

ዛሬ የምነግራችሁ በእኛው ግቢ የሆነውን ነው፤ እኔም እጄ አለበት።

የጎረቤታችን ልጅ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ልታጥበው ልብሱን ብታወልቅለት እግሩ፣ ጀርባው፣ ክንዱ ሁሉ በልዟል። ጩኸቷን ሰምተን ግር ብለን ገባን። ለመፍረድ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም፤ «ሠራተኛዋ ናት!» ልጅቷ ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት? «ስትቆጣውማ ሰምቻለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሳይመሽ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወጣች።

ማታ የልጁ አፍንጫ ይደማ ጀመር፤ ቢይዙት ቢይዙት አልቆም አለ። ሆስፒታል ሮጥን። ሐኪሟ ትኩር ብላ ያየችው የበለዘውን ሳይሆን በመሃሉ የተነሰነሱትን ጤፍ የሚያካክሉ ቀይ ነጥቦች ነው። በጣቷ ብትጫናቸው አይጠፉም። «ሰሞኑን አሞት ነበር?» አለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ማን ልብ ብሎት! ደሙ ሲመረመር ፕላትሌቱ 9 ሺህ ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው።

በሽታው አይ ቲ ፒ ይባላል። ፕላትሌት ደም ሲፈስ ቀዳዳውን የሚደፍን ነው። ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገል ይከርምና ወዳጅና ጠላት ይምታታበታል፤ የገዛ ፕላትሌቱን ጠላት ነው ይላል፤ ጣፊያም እየለቀመ ያጠፋዋል። እንዴት ታወቀ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት ሐኪም የበሽተኛ ደም ወደ ራሱ ደም ሥር አስገባ! በሰዓታት ውስጥ የሱም ፕላትሌት አሽቆለቆለ። ወይ ድፍረት!

አይተላለፍም፤ የደም ካንሰርም አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች በስድስት ወር ውስጥ ይድናሉ፤ ብዙዎቹም ያለ መድኃኒት። የኛው አፍንጫው ስለደማ ለጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን ታዘዘለት። እስኪሻለው ኳስና ብስክሌት ቀረ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ክልክል፤ ጡንቻ ላይ መርፌም የለም። የሚፈራው ጭንቅላት ውስጥ መድማት ነው፤ እምብዛም አያጋጥም። ቢሆንም ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም ትውከት ከመጣ ሩጫ ነው!

ልጆች አይመቱም እያልኩ አይደለም፤ ይመታሉ። እኛ ግን ደሙ ሳይመረመር ነው የፈረድነው።

አሁን ልጁ 210 ሺህ ገብቷል፤ ግቢውን በኳስ ያምሰዋል። እናቱ ሠራተኛዋን በደላላ አስፈልጋት ነበር፤ ስልኳ አይሠራም። የአሥራ አምስት ቀን ደሞዟ ቡፌው ላይ በፖስታ ተቀምጧል።