ጤዛ ሳይነሣ

ከሚሴ ውስጥ ራፖር ጸሐፊ ፍለጋ መንከራተት የለም። መሥሪያ ቤት ባለበት አጥር ሥር ዣንጥላ ተተክሎ፣ ከሥሩ በርጩማ፣ ጉልበት ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ባለ መስመር ወረቀት ካያችሁ እሱ ነው። ባለፈው በጋ ከደሴ ስመለስ የሰው ጉዳይ ይዤ እዚያ ተራ ስጠብቅ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሰባዎቹን ያጋመሱ አባት ናቸው። በፌስታል ጠቅልለው የያዙት የአባታቸውን ጉዳይ ነው። አባትየው ማይጨው ዘምተው ተመልሰዋል፤ ሜዳይ ሳያዩ ሞተዋል። ልጅየው ሁለት ጊዜ አመልክተው ሁለቱም «ማስረጃ ይሟላ» ተብሎ ተመልሶላቸዋል። ይኸኛው ሦስተኛው ነው።

ራፖር ጸሐፊው ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን ነው። «ጉዳዩ፦ የሜዳይ ጥያቄን ይመለከታል» ብሎ አሰመረበት። ስም፣ ቀበሌ፣ የዘመቻው ዓመት እያለ ወረደና ድንገት ቆመ።

«አባ፣ ቆስለው ነው የተመለሱት ወይስ ታመው?»

«የመርዝ ጋዝ ነው አልኩህ።»

«እሱማ ገባኝ። ቆስለው ብዬ ብጽፍ ቁስሉ የት ነው ይላሉ። ታመው ብል ደግሞ ታሞ ለሞተ ሁሉ ሜዳይ የለም ይላሉ።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና ያልጠየቅኋቸውን አወሩኝ። አባታቸው ጤዛ ሳይነሣ ሣር አይረግጡም ነበር። የከሚሴን ዙሪያ፣ የጨፋን ሜዳ የሚያውቅ ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። በጋ ሲሆን ከአፋር ሜዳ ግመሉም ከብቱም ወደ ቦርከና ረግረግ ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ሁሉ ከብቱን ይዞ በማለዳ ለምለሙ ሣር ውስጥ ነው። እሳቸው ግን ፀሐይ ከፍ እስክትል ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ልጆች ይስቁባቸው ነበር። ዓይናቸው ያለማቋረጥ ያነባል፤ በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉታል። «በረመዳን ለሱሁር የሚቀሰቅሰን ሳላቸው ነበር፣ ወላሂ» አሉኝ ሽማግሌው።

እኔ ነገሩን የሽማግሌ አመል አድርጌ ነበር የሰማሁት። ኋላ ላይ ሳሰላስለው ነው ትርጉሙ የበራልኝ። ጣሊያን የጣለብን ይፔሪት፣ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው፣ ስሙ ነው እንጂ እንደ ጢስ ተንኖ የሚጠፋ አይደለም። ዘይት መሰል ጠብታ ነው። ሣር ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ውኃ ላይ ያርፋል፤ ቀዝቀዝ ባለ አየር ለቀናት ይቆያል። ሲነካ አያቃጥልም። ሰዓታት አልፈው ነው ዓይን የሚያብጠው፣ ቆዳው ውኃ የሚቋጥረው፣ ሳንባው የሚላጠው። የኛ ወታደር ደግሞ ባዶ እግሩን ነው። እርጥብ ሣር የረገጠው ጧት፣ እግሩ የነደደው ማታ። ከዚያ ወዲያ ጤዛ ያየ ሰው ምን ያስባል?

መርዝ መጣሉ የተጀመረው ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ ነው። የራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የወረደው ሲወድቅ እንደ ወትሮው ቦምብ የሚፈነዳ አልነበረም፤ ተሰብሮ ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሰል ነገር ነው። ጣሊያኖቹ ሲ 500 ቲ ብለው የሚጠሩት ቦምብ እያንዳንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ይፔሪት ይይዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ እንደተናገሩት፣ ከጥር ወዲህ ደግሞ አውሮፕላኖቹ በሰልፍ እየሄዱ መርዙን እንደ ዝናብ ያርከፈክፉት ጀመር። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ከተሸነፍን በኋላ ወደ አሸንጌ ሐይቅ የሚያፈገፍገው ጦር በዚያው መርዝ ተመታ። የተጠማ ሰው ውኃ ዳር ደርሶ አለመጠጣት አይችልም። ይህን ሁሉ ጣሊያን የሚያደርገው መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት ፈርሞ፣ አጽድቆም ነው። የቀይ መስቀሉ ዶክተር ማርሴል ዡኖና እንግሊዛዊው ዶክተር ጆን ሜሊ ቁስለኞቹን በዓይናቸው አይተዋል። ምስክር ከተባለ ይህ ምስክር ነው።

ከነጻነት በኋላ ሜዳይ መጣ። የአርበኛው ሜዳይ ዓመት ይቆጥራል፤ በዱር ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት ዘንባባ ይጨመርበታል። ባለ አምስት ዘንባባው በየአደባባዩ ፊት ነበር የሚቀመጠው፤ ይገባዋልም። ጋዝ የበላው ሰው ግን በዚህ አቆጣጠር የሚገባበት በር የለውም። እያነቡ፣ እየሳሉ አምስቱን ዓመት ከቤት የዋሉ ሰው ስንት ዘንባባ ይሰጣቸዋል? ሜዳዩ የሚጠይቀው ምን ሠራህ ብሎ ነው። ምን ተሠራብህ የሚል ጥያቄ በወረቀቱ ላይ የለም።

መርዙ ደግሞ በ1928 አላበቃም። ከጨፋ በስተደቡብ ምዕራብ ተራራውን ብትወጡ መንዝ ነው። እዚያ ዘረት የሚባል ቦታ ዋሻ አለ፤ የአገሩ ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ቤተሰብ፣ ቁስለኛው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ እዚያ ተጠልሎ ሳለ ጣሊያን በይፔሪትና አርሲን በሚባል ሌላ መርዝ አፈነው፤ እጁን የሰጠውንም ረሸነው። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ዋሻውን ማቴኦ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ሰው እስኪያገኘው ድረስ ከአገሬው በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ የአርኪዮሎጂ ሰዎች ሲገቡ የሰው አፅም እንዳለ ነበር። ከሞቱት ውስጥ ጠመንጃ ያልያዘው ብዙ ነው። አርበኛ ነው ወይስ አይደለም? እኔ ነው እላለሁ። ወረቀቱ ግን እንደኔ አይልም።

ሌላው ዓለምም በዚህ ነገር ተጨቃጭቋል። አሜሪካኖች ፐርፕል ኸርት የሚሉት ሜዳይ አላቸው፤ በጠላት እጅ ለቆሰለ ወታደር የሚሰጥ ነው። ቬትናም ላይ ኤጀንት ኦሬንጅ በሚባለው የቅጠል መርዝ የታመሙ ወታደሮቻቸው ይህን ሜዳይ አያገኙም፤ መርዙን የረጨው የራሳቸው ጦር ነዋ። ጠላት የለቀቀው ኬሚካል ከሆነ ግን ደንባቸው ያስገባዋል። ኢራን ደግሞ ከኢራቅ ጦርነት የተረፉትን የጋዝ ተጎጂዎች ጃንባዝ ከሚላቸው የጦር ጉዳተኞች ጋር መዝግቦ ሳንባቸው የተጎዳበትን መጠን በመቶኛ ለክቶ ይይዛል። የኢራን ሐኪሞች የጻፉትን ያነበበ የዓይኑ እንባና ሳሉ ከሠላሳ ዓመት በኋላም እንደሚቀጥል ይረዳል። ጨፋ ውስጥ ይህን ማንም ሐኪም አልጻፈም፤ «ሳል ነበረባቸው» ተብሎ አለፈ።

እንግዲህ የአሜሪካኑን ጠባብ ሚዛን እንኳ እንያዝ። መርዙ ከማን እጅ መጣ? ጣሊያን ለስድሳ ዓመት ካደ። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ጸሐፊያቸው ሰነዱን እየጎለጎለ ሲያወጣ እዚህ ዘምቶ የነበረው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረው። በ1988 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በፓርላማ ፊት አዎ፣ ጥለናል አሉ። ሞንታኔሊም ይቅርታ ጠየቀ። ጠላት ራሱ አምኖ ፈርሞልናል፤ የጣለውንም ቦምብ በዶሴው ቆጥሮ አስቀምጦታል። ያልተቆጠረው የኛ ሰው ነው። መንግሥት ለመንግሥት የጦር ካሳ ተከፍሏል፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። በግድቡ አልከፋም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቁ ለነበሩት ሰው ግን ምኑም አልደረሳቸውም።

ስለዚህ «ማስረጃ ይሟላ» የሚለው መልስ ግራ ያጋባኛል። ምኑ ነው የጎደለው? የጎደለው የስም ዝርዝር ነው፤ እሱን ማዘጋጀት ያለባቸው ደግሞ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው የከሚሴ ሽማግሌ አይደሉም። ከባቲ እስከ ሰንበቴ፣ ከሐርቡ እስከ ደዋ ጨፋ በየቤቱ ይስሉ የነበሩ፣ ዓይናቸው ያነባ የነበረ ዘማቾች ልጆች አሁንም በሕይወት አሉ። ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ሰው በሰንበቴ ገበያ አንድ እሑድ ቢውል ስንቱን ይዞ ይመለስ ነበር። ዓመት ባለፈ ቁጥር ግን ያ ሰው የሚያገኘው እያነሰ ነው የሚሄደው።

ወደ ዣንጥላው ልመልሳችሁ። ወጣቱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው፤ ከኋላዬም ወረፋው ረዝሟል። ቆስለው ወይስ ታመው? ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ አንተ አታስታርቀው። ጋዝ ብለህ ጻፍ። ከሥሩም ጤዛ ሳይነሣ ሣር አይረግጡም ነበር በል።»

«እሱ ማመልከቻ ላይ አይጻፍም እኮ አባ።»

«ጻፈው ነው የምልህ። የምከፍልህ እኔ።»

ጻፈው። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም፤ ለእኔ ሰጥተው አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት።