ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት መንገድ

በግቢያችን ስለ ትራንስፖርት ሲወራ «ባቡሩ እያለ አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ሒሳብ አያውቅም» የሚል አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል። እኛ ከሀና ማርያም አካባቢ የምንመላለስ ዕጩ መምህራን በዚህ አንስማማም። እንዲያውም ሒሳብ የሚያውቀው አውቶቡስ ጠባቂው ነው እንላለን።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። እርግጥ ርካሽ ነበር። ግን ለማን? መስመሩ በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይወርዳል እንጂ ሀና ማርያም አይደርስም። በለቡ በኩል ያለው ባቡር እንደሆነ የጅቡቲው ነው፤ ለአዳማና ለድሬዳዋ መንገደኛ እንጂ ጠዋት ክፍል ለሚገባ ሰው አይሆንም።

ስለዚህ የሀና ማርያም ሰው ባቡር ልሳፈር ቢል አስቀድሞ ለታክሲ ከፍሎ ሳሪስ መድረስ አለበት። እዚያ ሌላ ቲኬት ይቆርጣል። ሲወርድም መድረሻው ከሐዲዱ ከራቀ ለሦስተኛ ጊዜ ኪሱ ይገባል። በአንድ ቲኬት መሐል ከተማ የሚያደርስ አውቶቡስ ካገኘ ግን፣ ቢዘገይም፣ ቆሞ ቢሄድም፣ የከፈለው አንዴ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ምን ይምረጥ? ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ ከቤት እስከ መድረሻ የወጣው ገንዘብ ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚመርጠው በሁለተኛው ነው።

ይህን የታክሲ ረዳቶችም ጠንቅቀው ያውቁታል። ረጅሙን መንገድ ለሁለት እየቆረጡ ሲጭኑ ሕዝቡ ያማርራል፤ ትክክልም ነው፤ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ አስከፈሉት። ባቡርና አውቶቡስ ቲኬታቸው ሳይተዋወቅ ሲቀር የሚደርስብን ግን ያው ነው፤ ልዩነቱ ማንም ሳይሰደብ መከፈሉ ብቻ!

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የታክሲ ታሪፍም ደጋግሞ ጨመረ። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ የነዳጅ ዋጋ በቀጥታ አይነካውም። በዚህ ጊዜ የሐዲዱ ጎረቤት ተጠቀመ፤ ለእኛ ግን ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው ታክሲ ራሱ ስለተወደደ ባቡሩም አብሮ ተወደደብን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታሪፉ ርካሽ ስለሆነ ነው ባቡሮቹ የቆሙት፤ ይጨመር» ይላሉ። ሐሳቡ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ፤ በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ ሆነዋል። ሆኖም መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከመንገደኛ የሚሰበሰበው ብር ነው። ብር ቢበዛ ዶላሩ በዚያው ልክ ይገኛል ማለት አይደለም። ጭማሪው የሚያባርረው ደግሞ ማንን ነው? መጀመሪያ የሚሄደው ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚከፍለው የዳር ሰፈር ሰው ነው፤ ለእሱ ባቡሩ ከድሮውም በአፍ ጢሙ የቆመ ምርጫ ነበርና።

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሶል እ.ኤ.አ. በ2004 የአውቶቡስና የምድር ባቡር ታሪፍ አንድ ላይ ተያያዘ። ከአውቶቡስ ወርዶ ወዲያው ባቡር የሚሳፈር ሰው መነሻውን ዋጋ እንደገና አይከፍልም፤ የሚታሰብበት የሄደበት ጠቅላላ ርቀት ነው። እኛ የግድ እንደ እነሱ ካርድ ይኑረን አላልንም። ከሀና ማርያም ሳሪስ የሚመላለስ አውቶቡስ ተመድቦ፣ ቲኬቱ በዚያው ሰዓት ባቡሩ ላይም እንዲሠራ ቢደረግ ለጅምሩ ይበቃል። ወረቀት ላይ ሰዓት መምታት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም።

በነገራችን ላይ ይህ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ይወጣዋል፤ ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎቻችሁን ከቤታቸው እስከ መርካቶ በሁለቱም መንገድ ስንት እንደሚያወጣ አሳስቧቸው። እናንተም ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ ከሰፈራችሁ እስከ ግቢያችን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍሉና ድምሩን ጻፉበት። ስም አያስፈልግም፣ ሰፈር ብቻ። ሲሞላ ለሚመለከተው ክፍል እንወስደዋለን።