ባለእጁ ንጉሥ፣ ልጁና መንገዱ

በአጅባርም ሆነ በተንታ፣ ወይም ወዲያ ወርዶ በመካነ ሰላም፣ ስለ መቅደላ ወሬ ሲነሳ ሽጉጡ ይቀድማል። ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችው ሽጉጥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አንዲት ጥይት። ከዚያ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ይከተላል፤ በመጨረሻ ደግሞ ልጁ ዓለማየሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ሽጉጣቸውን ከመጠጣታቸው በፊት ለዓመታት ድንጋይ ሲያነሱ፣ አፈር ሲደለድሉ፣ ጋፋት እየተመላለሱ ነሐስ ሲቀልጥ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሥራ ይወዱ ነበር፤ በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በገዛ እጃቸው። ይህኛው ቴዎድሮስ ለልጃቸው ሳይደርስ ቀረ፤ ለእኛም በቅጡ አልደረሰም።

ምስክሩ ወዳጅ አይደለም። ሄንሪ ብላንክ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ከእንግሊዝ መልእክተኛው ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር መጥቶ፣ በእግር ብረት ታስሮ መቅደላ ላይ የከረመ ሰው ነው። ንጉሡን የሚያሞግስበት ምክንያት አልነበረውም፤ መጽሐፉም በአብዛኛው ክስ ነው። ያም ሆኖ መንገድ ሲሠራ ያየውን ሳይጽፍ አላለፈም። ንጉሡ ከማለዳ ጀምሮ እስኪመሽ በእጃቸው ይሠራሉ፤ ድንጋይ ያነሳሉ፣ መሬት ያስተካክላሉ፣ ትንንሹን ሸለቆ አብረው ይሞላሉ። እሳቸው ከሥራው ሳይለቁ መኳንንቱም ወታደሩም ንቅንቅ አይልም። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የጣናው ታሪክም አለ። ንጉሡ ስለ እንፋሎት መርከብ ሰምተው በአገሩ ደንገል ትልቅ ታንኳ አሠሩና በእጅ እየተዘወረ የሚሽከረከር መንኮራኩር አስገጠሙለት። የአውሮፓን መርከብ የሚተካ ነገር አልወጣውም። ግን የሰሙትን ነገር በእጃቸው ሳይሞክሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው መሆናቸውን ያሳያል።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ያለ ቦታ ነው። እዚያ የሰፈሩት አውሮፓውያን፣ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን፣ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከፖላንድ የመጣ ሰውም አብሯቸው ነበር። መድፍ መሥራት አናውቅም ሲሉ ንጉሡ «ሞክሩ» አሉ። ሙከራው ሲከሽፍ እንደገና አስጀመሩ። በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ፣ ተንታ ወረዳ ውስጥ፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው።

ስለ ክብደቱ ብዙ ተብሏል። ከክብደቱ ይልቅ የሚገርመው ግን መቅደላ እንዴት እንደደረሰ ነው።

ንጉሡ ከደብረ ታቦር የተነሱት በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ሲሆን መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለአንድ እግረኛ የቀናት መንገድ ነው፤ ሠረገላ ላይ ለተጫነ መድፍ ግን መንገዱ ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። ሴባስቶፖልን ብቻ 500 ያህል ሰው በጠፍር ይጎትተዋል። ጋይንትን አልፎ፣ በቤተ ሖር በኩል፣ የጅጣን ገደል ወርዶ መውጣት፣ የደላንታን ሜዳ ማቋረጥ፣ ከዚያ ደግሞ በሽሎን መውረድና እንደገና መውጣት። ሁለቱም ሸለቆዎች ምን ያህል ጥልቅ እንደሆኑ የቦታው ሰው በጉልበቱ ያውቀዋል፤ ቁልቁለቱ ብቻ ከሺህ ሜትር ያልፋል። ጥቁሩ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ጠርዙ በካብ እየተደገፈ፣ ጠመዝማዛው እየተለካ መንገድ ወጣ። እስረኞቹን ሊያስፈታ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርካም ይህን መንገድ አይቶ ተደንቆ ጽፏል። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊትም ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ጅጣንና በሽሎን የተሻገረው በዚሁ በንጉሡ መንገድ ነው። ጠላት ሳይቀር የተጠቀመበት ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም። ያ መንገድ በፍቅር ብቻ አልተሠራም። የሠራው ሠራዊት ተርቧል፤ በየመንገዱ ያለው ገበሬ ተዘርፏል፤ የጋፋቶቹ ባለሙያዎችም በመጨረሻ እስረኞች ነበሩ። ሚያዝያ 2 ቀን ከመቅደላ ሥር ባለው እስላምጌ ላይ በርካታ እስረኞች ወደ ገደል ተወርውረው አልቀዋል። ድንጋይ የሚያነሳው እጅና ይህን ያዘዘው እጅ የአንድ ሰው ናቸው። አባትን ማስታወስ ማለት አንዱን አንስቶ ሌላውን መቅበር አይደለም፤ የዓለማየሁም አባት እንዲህ ያለ አባት ነበር።

ልጁስ የት ነበር? ዓለማየሁ ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ተወለደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። አባቱ በጅጣና በበሽሎ ድንጋይ ሲፈነቅሉ እሱ ከእናቱ ጋር መቅደላ አምባ ላይ ነበር፤ መንገዱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ። ሴባስቶፖል ወደ እስላምጌ ሲወጣ ራሳምን የመሰሉ እስረኞች ሳይቀሩ እንዲያዩ ተጠርተዋል። አባትና ልጅ አንድ ቦታ ላይ የነበሩት በእነዚያ የመጨረሻ ጥቂት ሳምንታት ነው። ሚያዝያ 3 አሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያው ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 አባት ሞቱ። ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው 10 ቀን ቀርቶት ነበር።

ቀሪው የታወቀ ነው፤ ባጭሩ ማለፍ ይሻላል። እናቱ ከጦሩ ጋር ስትጓዝ እንጣሎ አካባቢ አረፈች። ልጁን ካፒቴን ስፒዲ፣ በእኛ ሰው አጠራር ባሻ ፈለቀ፣ ተረከበው። ከዚያ እንግሊዝ፣ ቼልተናም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተና ዊንዘር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ከአባቱ የተለየ ልጅ ከአባቱ ጋር አንድ ድንጋይ አልደረደረም፤ አንድ ሠረገላ አልገፋም። ብዙ የተጻፈለት ስለ ዘውዱና ስለ ሐዘኑ ነው። ትልቁ ጉዳት ግን ይህ ይመስላል፤ እጃቸው አርፎ የማያውቅ አባት ኖሮት አጠገባቸው ቆሞ «ያን አቀብለኝ» ሳይባል ቀረ።

ምን እንዳጣ ለማወቅ ከመቅደላ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የደቡብ ወሎ ደጋ በልግንም መኸርንም የሚጠብቅ አገር ነው፤ የእርሻ ዕቃው ዕረፍት የለውም። እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ አባት ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል። ልጁ የእንጨቱን ጫፍ በሁለት እግሩ ረግጦ ይይዛል፤ መጥረቢያው በወረደ ቁጥር ንዝረቱ እስከ ጉልበቱ ይመጣል። ማነቆ የሚገባባቸው አራት ቀዳዳዎች ከመበሳታቸው በፊት አባት በስንዝር ይለካል፤ ልጁ በራሱ ስንዝር ይለካና ይጎድልበታል። ብረቱ ከእሳቱ ቀልቶ ወጥቶ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ልጁ ፊቱን ያዞራል፣ እግሩን ግን አያነሳም። አባት ብዙ አይናገርም። «በርታ» ይላል፣ ወይም «እንዲያ አይደለም»። ከዚያ ድግሩ ይስተካከላል፣ ወገሉ ይጠብቃል፣ ምራኑ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይለሰልሳል። ልጁ መጀመሪያ አቀባይ ነው፤ ቆይቶ ያዥ፤ አንድ ቀን መጥረቢያው ለእሱ ይሰጠዋል። አባት ሞቶ ሞፈር ሲሰቀል፣ ያንን ሞፈር የሚያወርደው ሰው የት ጋ እንደተሰነጠቀና በምን እንደተጠገነ የሚያውቀው አብሮ ስለጠገነው ነው።

ሥራው የግድ እንጨትና ብረት መሆን የለበትም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ መምህርና ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ የተውኔት ቡድን ይዘው በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ኃይሌ በልጅነቱ በዚያ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። የተውኔት ቡድን ማለት ደግሞ መጫወት ብቻ አይደለም፤ ዕቃ መሸከም፣ መድረክ ማበጀት፣ ሰው መጥራት ነው። ልጁ አሜሪካ ሄዶ የፊልም ሰው ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲሠራ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እሱም ፊልሙን ተሸክሞ ከተማ ለከተማ እየዞረ፣ አዳራሽ እየተከራየ አሳየ። ዋሽንግተን ከተማ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈተ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሲሸለም ዓለም አንድ የፊልም አዘጋጅ አየ። አሠራሩን ልብ ያለ ሰው ግን ከጎንደር የተነሳውን የአባቱን ቡድን ማየት ይችላል።

ከመቅደላ የወጣ ሌላ ልጅም አለ። የመድፍ ሠሪው የሞሪትዝ ሆል ሚስት የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ሳንደርና የኢትዮጵያዊት ልጅ ነበረች። በዚያው በ1860 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ሰሞን መቅደላ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ማግዳሌና ተባለች። ቤተሰቡ ወደ ያፋ ወረደ። ሆል ልጆቹን አሳደገ፣ ማግዳሌናም አገባች፤ የልጇ ልጅ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ኡስቲኖቭ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይህን የመድፍ ሠሪ ቅድመ አያት አንስቶታል። የባለሙያው ታሪክ በቤተሰቡ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ምዕተ ዓመት ተሻገረ። ዓለማየሁ ግን የአባቱን ታሪክ ለልጅ ሳይተርክ ያለ ዘር ሞቷል።

ኢትዮጵያ የልጁን አፅም ጠይቃለች፤ ግንቦት 2015 ዓ.ም. የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን መቃብር ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። የአባቱ የፀጉር ቁራጭ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን ካለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሷል፤ የልጁም ፀጉር መስከረም 2016 ዓ.ም. ከስፒዲ ቤተሰብ እጅ ወጥቷል። አፅሙም መጠየቁ ይቀጥል፤ ልጁ አገሩ ይገባዋል። ነገር ግን ለንደንን ሳንለምን ልናስመልሰው የምንችለው አንድ የአባቱ ሥራ አለ። እሱም እዚሁ በሽሎ አፋፍ ላይ የተኛው መንገድ ነው።

በአደባባይ የቆመውን መድፍ ያየ ልጅ ቴዎድሮስ መድፍ እንዳላቸው ያውቃል። መድፉ የመጣበትን መንገድ በእግሩ ተከትሎ፣ ካቡን ነክቶ፣ ጠመዝማዛውን ለክቶ የመጣ ልጅ ግን ቴዎድሮስ ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደነበሩ ያውቃል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በ1860 ዓ.ም. መንገዱን በካርታ አንስተውታል፤ ፎቶግራፍም አስቀርተዋል። ከአምባው ስሙን የወሰደው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ መምህራንና ተማሪዎች አሉት። ካብ ማወቅ ደግሞ የአካባቢው ገበሬ ሙያ ነው፤ እርከን የሚሠራ ሰው የትኛው ድንጋይ በሰው እጅ እንደተቀመጠና የትኛው በጎርፍ እንደመጣ አንድ ጊዜ አይቶ ይለየዋል። የትምህርት ቤት ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር፣ አባት የሌላቸው ደግሞ ከአጎት ወይም ከጎረቤት ጋር፣ ወርደው የቀረውን ቢለኩና ቢመዘግቡ፣ ከአሮጌው ካርታ ጋር የሚያስተያየው ሥራ የዩኒቨርሲቲው ይሆናል። ከበሽሎ ወደ አሮጌ በሚወጣው ዳገት መጀመር ይቻላል። ጥር ላይ፣ በልግ ሳይገባ ቢሆን የወንዙ ውኃ ዝቅ ብሎ መሻገሪያው ይገኛል፤ ገበሬውም ከአውድማ ወጥቶ ገና ሞፈር ስላላነሳ ጊዜ ይኖረዋል።