ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት የተነገረው ለሊጥ ነው፤ በኳስ ሜዳ ሲጠቀስ ግን ልንቃወመው ግድ ይሆንብናል፡፡ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች በቀለምና በዜማ ሲፎካከሩ ማየት ደስ ያሰኛል፡፡ የምንነቅፈው ፉክክሩን አይደለም፡፡ የምንነቅፈው ከታዳጊዎች ቡድን ገና ያደገ ወጣት አንዲት ኳስ ስለ ሳተ ከሁለት ወገን ስድብ የሚወርድበትን ልማድ ነው፤ ተቃራኒው ስለ ማልያው ይሰድበዋል፥ ወገኑም ስለ ስሕተቱ፡፡ አሠልጣኙም ጩኸቱን ፈርቶ ልጁን ወደ ተጠባባቂ ወንበር ይመልሰዋል፤ ክለቡ ደግሞ ያሳደገውን ትቶ ያደገ ሊገዛ ይወጣል፡፡

«ደጋፊ ከፍሎ ገብቷልና የወደደውን ይበል» የሚሉ አሉ፡፡ እኛም እንጠይቃቸዋለን፤ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን የማን ነበር? አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የድሬዳዋው የጥጥ ማኅበር፥ መንግሥቱ ወርቁም የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፡፡ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው መንግሥቱ በተጨማሪው ሰዓት አራተኛዋን ግብ ሲያገባ፥ «የጊዮርጊስ ነው» ብሎ ከማጨብጨብ እጁን የሚሰበስብ ኢትዮጵያዊ ይገኝ ነበርን?

ዛሬ በስድብ ከሜዳ የምናስወጣው ልጅ ነገ ለብሔራዊው ቡድን የምንፈልገው ነው፡፡ ስለዚህ ደጋፊው ለሳተው ወጣት ያጨብጭብለት፤ አሠልጣኙም በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ያሰልፈው፡፡ ለራት የሚበቃ ሊጥ የሚያቦካ ልጅ የሚገኘው እጁን ከቡኾው ሳያስወጡ ሲያለማምዱት ነውና፡፡