ድንጋዩን ማን ያንሣው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ልጆች፣ የፈተና ወራት ሲቃረብ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚታየው የተማሪ ቁጥር እንደሚበዛ ሳታስተውሉ አትቀሩም። አንዱ ጧፍ ያበራል፤ ሌላዋ ስለት ትሳላለች፤ ሌላው እስክሪብቶውን ጠበል ያስነካል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም። ልጅ በጨነቀው ጊዜ ወደ አባቱ ቤት ቢመጣ ማን ይከለክለዋል? ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ደብተራቸውን በወጉ ሳይገልጡ የሚመጡ ናቸው። ለምን እንዳላጠኑ ሲጠየቁም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ይመልሳሉ። ይህ አነጋገር እምነት ይመስላል። እኔ ግን እምነት አይደለም እላለሁ። ለምን እንደሆነ አብረን እንመልከት።

የምንኖርበት ሰፈር ቤቴል ይባላል። ይህ ስም በመጽሐፍ ቅዱስም ይገኛል፤ ትርጉሙ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ያን ቦታ ቤቴል ብሎ የሰየመው ያዕቆብ ነው (ዘፍ. 28)። ያዕቆብ ከወንድሙ ከኤሳው ሸሽቶ ሲሄድ መሸበትና ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። በሕልሙ ከምድር እስከ ሰማይ የሚደርስ መሰላል፣ መላእክትም ሲወጡበትና ሲወርዱበት አየ። እግዚአብሔርም ከእርሱ ጋር እንደሚሆንና በሚሄድበት ሁሉ እንደሚጠብቀው ቃል ገባለት።

ያዕቆብ ሲነጋ ምን አደረገ? «ቃል ተገብቶልኛልና እንግዲህ ልረፍ» ብሎ በዚያ አልቀረም። ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። በአጎቱ በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ፤ በጎች ሲጠብቅ ቀን ሐሩሩ፣ ሌሊት ቁሩ እየተፈራረቀበት እንቅልፍ አጣ (ዘፍ. 31)። ሀብት ባገኘ ጊዜ ግን «በጉልበቴ ያገኘሁት ነው» ብሎ አልታበየም፤ የረዳው የአባቶቹ አምላክ መሆኑን መሰከረ። ያዕቆብ የእግዚአብሔርን ተስፋና የእጁን ሥራ አንድ ላይ ያዘ።

ልጆች፣ የአልዓዛርንም ታሪክ አስታውሱ (ዮሐ. 11)። አልዓዛር ከሞተ 4 ቀን ሆኖታል፤ መቃብሩም በድንጋይ ተዘግቷል። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ወደ መቃብሩ በመጣ ጊዜ በዚያ የነበሩትን ሰዎች ድንጋዩን እንዲያነሡ አዘዛቸው። የሞተውን የሚያስነሣ አምላክ ድንጋይ ማንሣት ያቅተዋልን? አያቅተውም። አልዓዛር ከወጣም በኋላ መግነዙን እንዲፈቱለት ያዘዘው ሰዎቹን ነው። ልብ በሉ፤ ለሞተ ሰው ሕይወት መስጠት ከሰው አቅም በላይ ስለሆነ እርሱ ራሱ አደረገው። ድንጋዩን ማንሣትና መግነዙን መፍታት ግን የሰው እጅ ስለሚችለው ለሰው ተወው።

ለእያንዳንዳችንም የምናነሣው ድንጋይ አለን። የገበሬው ድንጋይ ማረስና መዝራት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ትጸልያለች፤ ገበሬውም «አሜን» ይላል። ነገር ግን ዝናሙ በጊዜው ቢዘንብ፣ ባልተዘራ ማሳ ላይ ከአረም በቀር ምን ይበቅላል?

የተማሪውስ ድንጋይ ምንድን ነው? ይህን ከቅዱስ ያሬድ እንማራለን። ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደተወለደ ይነገራል። በልጅነቱ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባ ስላለው ተማርሮ ጠፋ። በመንገድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ሲታገል አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ጊዜ ወጥቶ የዛፉን ፍሬ በላ። ያሬድም ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ። መምህሩም ጸለየለት፤ እግዚአብሔርም አእምሮውን ከፈተለት። በኋላ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የዜማ ስልት ያዜመ ታላቅ ሊቅ ሆነ። ታሪኩን ስናስተውል አእምሮው የተከፈተለት ከዛፉ ሥር እንደተቀመጠ አይደለም፤ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። መመለሱ የእርሱ ድርሻ ነበረ፤ መግለጡ የእግዚአብሔር።

የታመመ ሰውም ድንጋይ አለው። እዚህ ላይ ስሕተቱ ከፈተና መውደቅ እጅግ ይከፋል፤ ነፍስን ያሳጣልና። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን በእንጦጦ ጠበል ለመጠመቅ ከተሰበሰቡት ሕሙማን መካከል «ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም» በማለት መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። ይህ መድኃኒት በየቀኑ ካልተወሰደ በሽታው እንደገና ይበረታል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በይፋ አስተማሩ።

ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ዘንድ ነገረው፤ ያው ነቢይ ግን በቁስሉ ላይ በለስ እንዲደረግለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ጠቢቡ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ ልጆች፣ በቤታችሁ ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ሰው ካለ ጠበሉን ስታቀርቡለት የመድኃኒቱንም ሰዓት አስታውሱት።

«መድኃኒት መውሰድስ፣ ማጥናትስ እግዚአብሔርን አለማመን አይሆንም ወይ?» የሚል ልጅ ይኖር ይሆናል። ዲያብሎስ ጌታችንን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚያነሡት ነግሮት ነበር (ማቴ. 4)። ጌታችን ግን እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶ አሳፈረው። መውረጃ ደረጃ እያለ ከላይ መዝለል እምነት አይደለም፤ መፈታተን ነው። ሳያጠኑ «እለፍ በለኝ» ማለትም ከዚህ አይለይም።

በሌላ በኩል ደግሞ «አጥንቻለሁና ጸሎት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ አለ። እርሱም ተሳስቷል። የሚያስበውን አእምሮ፣ የሚያነብበትን ዓይን፣ በጤና ውሎ የሚያድርበትን ቀን ማን ሰጠው? ጌታችን ያለ እርሱ ምንም ልናደርግ እንደማንችል አስተምሮናል (ዮሐ. 15)።

አጥንታችሁም ጸልያችሁም ውጤቱ ያሰባችሁት ሳይሆን ይቀር ይሆናል። ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ጠላኝ» አትበሉ። ስለት ውጤት የሚገዛበት ዋጋ አይደለም፤ የፍቅርና የምስጋና መግለጫ ነው። ያ ትልም ስድስት ጊዜ ወድቋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ያልገባችሁን መምህራችሁን ጠይቁና እንደገና ጀምሩ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ደብተራችንን ከመግለጣችን በፊት አማትበን አቡነ ዘበሰማያት እንድገም። ከዚያ በትጋት እናጥና። ስንጨርስም እናመስግን። ድንጋዩን እኛ እናንሣ፤ ከእኛ አቅም በላይ የሆነውን እርሱ ያደርገዋል።

የአባታችን የያዕቆብ አምላክ ለሁላችን ትጋትንና እምነትን ያድለን፤ የቅዱስ ያሬድ በረከት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።